እጅ የሚያልፍበት መስመር

ሀብታሙ አፉን ከመፍታቱ በፊት እጁን ፈታ ይሉታል የሰፈር ሰዎች። እውነታቸውን ነው። ታላቅ እህቱ ሩት በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ስትተርፍ ጆሮዋ ሳይተርፍ ቀርቷል። እሱ ሲወለድ እቤት ውስጥ ከሚወራው ወሬ ግማሹ በሀዲይኛ፣ ግማሹ በእጅ ነበር። የእጁን ቋንቋ ያስተማራቸው ሰው የለም። እናታቸው ወይዘሮ አባይነሽና ሩት እንሰት ሲፍቁ፣ ላም ሲያልቡ፣ ውሃ ሲቀዱ አንድ በአንድ የፈጠሩት ነው። ወተት ማለት ጣትን ቁልቁል መጭመቅ ነበር። አባት ማለት አገጭን መዳበስ፤ አባትየው ጢማም ነበሩና። ሀብታሙ ማለት ደግሞ ጆሮን መያዝ። ጎረቤት ሲጣራ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ለእህቱ የሚነግራት እሱ ስለነበር ስሙ ጆሮ ሆኖ ቀረ።

አባትየው ከሞቱ በኋላ ያንን ቋንቋ የሚያውቁት በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ።

ሩት እዚያው ሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብና መጻፍ ለመደች። በአገሩ ሁሉ የሚሠራበትን የምልክት ቋንቋም እዚያ ተማረች። ለእናቷ ልታስተምር ብትሞክር ወይዘሮ አባይነሽ «የቤታችን ይበቃናል» ብለው በእጃቸው አሰናበቷት። እዚያው ትምህርት ቤት ቲቶ የሚባል የዱራሜ ልጅ አገኘች። ቲቶ አናጢ ነው፣ ሥራውን የሚወድ፣ ረጋ ያለ ልጅ። እንደ ሩት ጆሮው አይሰማም። ዕድሜያቸው ሲደርስ ሽማግሌ ላከ፤ ወይዘሮ አባይነሽ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ልጁ ላይ ነውር አላገኘሁበትም» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ግን ሁለት የማይሰሙ ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ምን ይሆናሉ? በር ሲንኳኳ ማን ይከፍታል? እሳት ቢነሳ ማን ጮኾ ይነግራቸዋል? የእኔ ልጅ የሚሰማ ባል ታግባ።»

ሩት ጥግ ላይ ተቀምጣ ዓይኖቿን ከወንድሟ እጅ ላይ አልነቀለችም። ሀብታሙ እንደ ልማዱ ነገሩን አለዘበው። «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ነው የምትለው» አላት በእጁ።

ሩት ግን የእናቷን ፊት ማንበብ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅበታለች። «አታለዝብብኝ» አለችው። ተነስታ ወጣች። በዚያው ዓመት ዱራሜ ላይ፣ በቲቶ ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ከሩት ወገን ሠርጉ ላይ የተገኘው ሀብታሙ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ስልክ ለሩት ምን ይሠራል? ሀብታሙ ዱራሜ የሩት ጎረቤት የሆኑት ወይዘሮ ወርቅነሽ ቤት ይደውላል። ወይዘሮ ወርቅነሽ አጥር ተሻግረው ይሄዳሉ፤ ሩት በወረቀት ትጽፍላቸዋለች፤ ተመልሰው መጥተው ያነቡለታል።

«ደህና ነኝ ብላለች።»

«እናታችንንስ?»

«ሰላም በልልኝ ብላለች።»

«ሌላስ ምንም አላለችም?»

«ሌላ አልጻፈችም ልጄ። ምን ላድርግ?»

ሰላምታው ይመጣል፤ ሰላምታው ይሄዳል። ከሰላምታው ሥር ያለው ኩርፊያ ግን ማንም ሳይነካው ከረመ።

በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ወይዘሮ አባይነሽን ግፊት ጣላቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አብረዋቸው አልተመለሱም። ንግግራቸው ቆይቶ ተመለሰ፣ እየተኮላተፈም ቢሆን። ሩት ወሬውን ስትሰማ ልትመጣ ተነስታ ነበር፤ ግን ነፍሰ ጡር ናት፤ ፅንሱ አስጊ ስለሆነ ሐኪም መኪና እንዳትሳፈር ከልክሏት ቆየች። የዚያን ጊዜው የዱራሜ መንገድ ደግሞ ጤነኛውንም የሚያንገላታ ነው። ወይዘሮ አባይነሽም ከአልጋ ወደ ወንበር የሚዛወሩት በሰው ድጋፍ ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ቀሩ።

አንድ ቀን ሀብታሙ እናቱን አጥሚት እያጠጣ ሳለ ግራ እጃቸውን አንስተው ማንኪያውን ገታ አደረጉት።

«ሩትን ማየት አለብኝ» አሉ።

«ለእትዬ ወርቅነሽ ልደውል? የምትይውን ይነግሩልሻል።»

«አይሆንም። ይቅርታ በሰው አፍ አይጠየቅም።»

ሀብታሙ እናቱ ይህን ቃል ሲያወጡ ሰምቶ አያውቅም። ማንኪያውን አጥሚቱ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው።

የሚሠራው በዞኑ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ነው። ቢሮው ውስጥ ለቪዲዮ ኮንፈረንስ የተዘጋጀ አዳራሽ አለ፤ ትልቅ ስክሪን፣ ከላዩ ካሜራ፣ ዙሪያውን ወንበር። ሹሞች ከየወረዳው ጋር ስብሰባ የሚያደርጉበት ነው። መስመሩ ያኔ የሚመጣው ጣሪያው ላይ ባለው የሳተላይት ዲሽ ነበር። ሀብታሙ አለቃውን አቶ ሽብሩን ለመለመን ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ ገባ።

አቶ ሽብሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ቅዳሜ አዳራሹ ባዶ ነው» አሉ። «እናትህን አምጣ። ዱራሜ ላለችው ፍፁም ደውልላትና እህትህን ታምጣ። ግን ሀብታሙ፣ ይህ መስመር ጠባብ ነው። ተስፋህን አታብዛ።»

ቅዳሜ ወይዘሮ አባይነሽን በባጃጅ አመጧቸው። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፀጉራቸውን አሠርተው ነበር። ስክሪኑ ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የታየው ሰማያዊ ብቻ ነው። ቀጥሎ የፍፁም ፊት መጣ። ፍፁም በዱራሜው ቢሮ የሀብታሙ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ። ገለል ስትል ሩት ታየች። ፊቷ ሞላ ብሏል። ከደረቷ በታች አይታይም።

«ልጄ!» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ በአፋቸው፤ ወዲያው እንደማትሰማቸው ትዝ ሲላቸው ግራ እጃቸውን አነሱ።

በቤታቸው ቋንቋ ይቅር በይኝ ማለት ሁለት እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት መዘርጋት፣ መጨረሻ ላይ መዳፍን ወደ ላይ መክፈት ነው፤ አንድ ነገር ሰው ፊት እንደሚያስቀምጡ። ከእኔ ራቂ ማለት ደግሞ እጅን ደረት ላይ አድርጎ መዳፍን ወደ ፊት መግፋት ነው። በሁለት እጅ ሲሆን ማንም አያምታታቸውም። ወይዘሮ አባይነሽ ግን የቀራቸው አንድ እጅ ነው። እሱንም ደረታቸው ላይ አደረጉት። ወደ ፊት ዘረጉት።

ያን ጊዜ ምስሉ ቀጥ አለ።

ሀብታሙ ይህን ያወቀው ሩት ዓይኗን ሳትጨፍን ስትቆይ አይቶ ነው። የእሷ ምስል በእነሱ ስክሪን ላይ እንደቆመ ሁሉ የእናቷም ምስል በእሷ ስክሪን ላይ መቆሙን ተረዳ። የቆመውም እጃቸው ወደ ፊት ሲዘረጋ፣ መዳፋቸው ገና ሳይከፈት ነው፤ ለሩት «ከእኔ ራቂ» የሚል። ወይዘሮ አባይነሽ ይህን አያውቁም፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው መልስ ይጠብቃሉ።

ምስሉ ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ባዶ ነበር።

«ፍፁም! ፍፁም፣ ጥሪያት! መስመሩ ነው የቆመው በያት!» አለ ሀብታሙ።

የፍፁም ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። «ወጥታለች… ሀብታሙ… እያለቀሰች ነው የወጣችው… ምን ብለዋት ነው?»

ወይዘሮ አባይነሽ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት። «አልተቀበለችኝም?» አሉ።

ሀብታሙ የሆነውን ለማስረዳት ያልሞከረው ነገር የለም። ወይዘሮ ወርቅነሽ ቤት ደወለ፤ ወደ ዱራሜ በሚሄድ ሰው ረጅም ደብዳቤ ላከ። ምስሉ መሃል ላይ እንደቆመ፣ እናታቸው ያሉት ሌላ እንደሆነ ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር። «ጆሮዬ ሆነህ ስታለዝብልኝ ኖረሃል። ይህን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ይህን ለእናቱ አላነበበላቸውም። «መስመሩ ነው የከዳን» ብቻ አላቸው። ወይዘሮ አባይነሽ ብዙ አሰቡበት።

«ታዲያ የማይከዳ መስመር የለም?» ብለው ጠየቁ።

ነበር። ቢሮ ውስጥ ወራት ሙሉ ሲወራ የከረመ ነገር ነው። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ኦፕቲክ ፋይበር ሊዘረጋ ነው ተብሏል። አቶ ሽብሩ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ እንደ ሰባኪ ይሆናሉ። «ውሃና መብራት ለከተማ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ» ይሉ ነበር። «ይሄም እንደዚያ ነው። ከተማ ሰፊ መስመር ካገኘ ሐኪሙ እዚህ ተቀምጦ የዱራሜን በሽተኛ ፎቶ ያያል፤ ዳኛው ምስክር ይሰማል፤ ተማሪው ከሌላ ከተማ መምህር ይማራል። አስፋልትና ፎቅ ብቻ ከተማ አያደርግም።» ሠራተኛው ይስቃል። ሀብታሙም ድሮ ይስቅ ነበር፤ አሁን መሳቁን ተወ።

የቦይ ቁፋሮው ክረምቱ ሳይጠና ተጀመረ። ሀብታሙ ከሥራ ሲወጣ የእርሻ ማሳውን እንደሚጎበኝ ገበሬ የቦዩን ዳር ተከትሎ ይሄዳል። ቀዩ አፈር ከመንገዱ ዳር ተቆልሎ፣ ወጣቶቹ እየዘፈኑ ይቆፍራሉ፤ ከኋላቸው ጥቁሩ ገመድ ከትልቁ ጥቅል ላይ እየተተረተረ ይወርዳል። ቦዩ ርቆ ሲሄድ ሀብታሙ ከዚያ መስመር የሚመጡ ሾፌሮችን መጠየቅ ጀመረ። ማታ እቤት ሲገባ የእናቱ የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው።

«የት ደረሰ?»

«ድንጋይ ገጥሟቸዋል እማ።»

በማግሥቱ ደግሞ፣ «የት ደረሰ?»

«ድንጋዩን አልፈዋል። ወንዙ ጋ ናቸው።»

ሊጠይቋቸው የሚመጡ ጎረቤቶች ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አለ ብለው ያስቡ ነበር። አንዷማ «አንጋጫ ከተማን አልፏል» ሲባል ሰምታ «እንግዲህ ነገ ይገባላ! ምን ላምጣላችሁ?» ብላ ወይዘሮ አባይነሽን ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቀቻቸው።

አንድ እሑድ ሀብታሙ ቴክኒሽያኖቹ ገመዱን ሲያያይዙ ከቆረጡት ላይ ቁራጭ ለምኖ እቤት ይዞ መጣ። ጥቁሩን ሽፋን ልጦ ከውስጡ ፀጉር የመሰለውን የመስታወት ክር አወጣ። መስኮቱን ዘግቶ በአንዱ ጫፍ ባትሪ አበራበት፤ ሌላውን ጫፍ ወደ እናቱ አዞረ። ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን በራች።

ወይዘሮ አባይነሽ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩዋት።

«ይህች ቀጭን ናት ልጄን የምታመጣልኝ?»

«አዎ እማ። ምስሉ በብርሃን ነው የሚሄደው። ዲሹ ላይ እንደነበረው አይጨናነቅም።»

«አትበጠስም?»

«መሬት ውስጥ ናት። ሰው ካልቆፈረባት አትበጠስም።»

«እንግዲያ ሰው እንዳይቆፍርባት እጸልያለሁ» አሉ፤ ቀልዳቸውን አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጸሎታቸው መጨረሻ ላይ ሀብታሙ አንድ አዲስ ነገር ይሰማ ነበር።

ሰኔ ላይ ወይዘሮ ወርቅነሽ ራሳቸው ደወሉ። ሩት በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ ስሟን አቢጋኤል ብለዋታል፤ በር ሲበረገድ ትደነግጣለች፣ ትሰማለች ማለት ነው። ወይዘሮ አባይነሽ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግራ እጃቸውን ማለማመድ ጀመሩ። አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ ደረታቸው ላይ ያደርጉታል፣ ይዘረጉታል፣ መዳፋቸውን ይከፍታሉ። «ይታያል?» ይሉታል። «ቀስ ብዬ ላድርገው? ጣቴ በደንብ ተከፍቷል?»

ነሐሴ ውስጥ መስመሩ ዱራሜ ደረሰ። ዝናቡ አንድ ድልድይ አበላሽቶ መኪና የተቋረጠበት ሰሞን ነበር። ሰው ማለፍ ባልቻለበት ሰሞን ብርሃኑ አለፈ። አቶ ሽብሩ ሀብታሙን ጠሩት።

«ነገ ከዱራሜ ጋር ሙከራ እናደርጋለን» አሉ። «ሹሞቹን ባስቀምጣቸው ምን ይጠቅመኛል? ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሐውልት ነው፤ ምስሉ ቢቆምም አይታወቅበትም። እጁን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው የምፈልገው።» ቀና ብለው አዩት። «የማውቃቸው እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ጥቂት ናቸው።»

ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ችግሩ ሩት ነበረች። ፍፁም ቤቷ ድረስ ሄዳ በወረቀት ጻፈችላት፤ ሩት አንብባ ወረቀቱን መለሰችላት፤ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ይህን ሲያይ የነበረው ቲቶ መላጊያውን አስቀምጦ ከሚስቱ ፊት ተንበረከከ። በምልክት ያላት ነገር ለፍፁም አልገባትም፤ ኋላ ላይ ነው ሩት ራሷ ለሀብታሙ የነገረችው። «እናትሽ እኔን እምቢ ያሉኝ ስለሚወዱሽ ነው» አላት። «በዓይንሽ አይተሽ ከተቀየምሽ በዓይንሽ አይተሽ ታረቂ። ወይም በዓይንሽ አይተሽ ተለያዪ። እንዲህ መሃል ላይ ቆመሽ ግን ወተትሽ እየደረቀ ነው።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አባይነሽ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሀብታሙ ከጎናቸው ቆሟል፤ በአንድ እጅ የማይወጣውን ለማስተርጎም ተዘጋጅቶ። ስክሪኑ በራ።

ሩት ነበረች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀው ቀለም እንኳ ይታያል። የቀሚሷ አበባ ይቆጠራል። ዓይኗን ስትጨፍን፣ ስትገልጥ ይታያል። ፊቷ ላይ ግን ምንም ፈገግታ የለም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ አባይነሽ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወደ ፊት ዘረጉት። መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፈቱት። እንደተዘረጋ ተዉት።

ሩት አልተንቀሳቀሰችም። ሀብታሙ መስመሩ የቆመ መሰለው። ግን የሩት አንገት ላይ ያለው ሥር ሲመታ ያያል።

ሩት አንድ ጣቷን አዞረች። «ድገሚው» ማለት ነው።

ወይዘሮ አባይነሽ ደገሙት፤ ደረት፣ መዘርጋት፣ የተከፈተ መዳፍ።

«አሁንም» አለች ሩት።

ሦስተኛውን ሳይጨርሱት ሩት ሁለት እጆቿን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፤ የሆነ ነገር ከእናቷ መዳፍ ላይ እንዳነሳች አድርጋ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ቀጥላ በእጇ ጠየቀች።

«ሌላው እጅሽ የት አለ?»

ወይዘሮ አባይነሽ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱት፤ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሱ በቀስታ፤ ለካሜራው አሳዩት። መልሰው አስቀመጡት።

ሩት አለቀሰች። እስከዚያ ቀን «ሰላም በልልኝ» ብላ ያለፈችው ሁሉ፣ የተጻፈውም ያልተጻፈውም፣ አሁን በእጇ ወጣ። ስለ ሠርጉ አወራች፤ በር ላይ ቆማ እናቷን መጠበቋን። ስለ ምጡ አወራች። ሆስፒታል መጥታ እናቷን ስላላስታመመች፣ ሐኪሙ ስለከለከላት፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ስለሚቆጫት። እጇ ይፈጥናል፤ ምስሉ ግን አንዴም አላመለጠውም። ወይዘሮ አባይነሽ በአንድ እጃቸው ቀስ እያሉ ይመልሳሉ። ሁለት እጅ የሚፈልገው ቃል ሲያጋጥማቸው ጭናቸውን፣ ጠረጴዛውን፣ ጉንጫቸውን እንደ ሁለተኛ እጅ ይጠቀማሉ። ሩት ወዲያው ይገባታል።

ሀብታሙ አንድ ሁለት ጊዜ እጁን አነሳ። ማንም አላየውም። ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። አቶ ሽብሩ እዚያ ቆመው ነበር።

«አታስተረጉምም እንዴ?»

«አላስፈለግሁም» አለ ሀብታሙ። አቶ ሽብሩ ትከሻውን ያዝ አድርገው መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከአዳራሹ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ጥርት ያለ፣ አጠገባቸው ያለ የሚመስል። ሀብታሙ ዘሎ ገባ። ወይዘሮ አባይነሽ ከወንበራቸው ሊነሱ እየታገሉ በግራ እጃቸው ወደ ስክሪኑ ያመለክታሉ፤ «ልጅሽ! ልጅሽ እያለቀሰች ነው!» ይላሉ፤ በአፋቸውም በእጃቸውም። ሩት ግን ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር ካስቀመጠችው አልጋ ሕፃኗን አንስታለች። አልደነገጠችም። በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በሌላው አስረዳች፤ ቲቶ የሠራው የእንጨት አልጋ የሚወዛወዝ ነው፤ ልጅቷ ስትላወስ እንጨቱ ይነቃነቃል፤ እሷ እግሯን ጫፉ ላይ አስደግፋ ነው የምትውለው። «እግሬ ይነግረኛል» አለች።

«ስትተኙስ?» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

«አልጋውን ከአልጋችን ጋር ቲቶ አያይዞታል። እሷ ስትነቃ ሁላችንም እንነቃለን።»

«ባልሽ ብልህ ነው» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። ሩት እየሳቀች አቢጋኤልን ወደ ካሜራው አቀረበቻት። ሕፃኗ ማልቀሷን አቁማ፣ በእርጥብ ዓይኖቿ የሚበራውን ነገር ታያለች። ወይዘሮ አባይነሽ ስለ ልጅቷ አፍንጫ፣ ስለ ግንባሯ፣ ስለ ጆሮዋ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከማን እንደወረሰች ለመስማማት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

አቶ ሽብሩ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አላዩም። በማግሥቱ ለሙከራው ምን ውጤት እንዳገኙ ሲጠየቁ «ምስሉ አልቆመም» ብቻ ብለው ሪፖርት አደረጉ ይባላል።

ድልድዩ መስከረም ሲብት ተጠገነ። ለሀዲያ አዲስ ዓመት፣ ለያሆዴ በዓል፣ ሩት፣ ቲቶና አቢጋኤል ሆሳዕና ገቡ። ቲቶ ለአማቱ ክራንች ሠርቶ መጥቷል፤ መያዣውን ለግራ እጅ እንዲመች አድርጎ ቀርጾታል። ወይዘሮ አባይነሽ ክራንቹን ብብታቸው ሥር አድርገው እስከ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ፤ ከዚያ ቲቶን ጎንበስ በል ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ሊያነጋግሩት ፈለጉ፤ ግን ቲቶ የቤታቸውን ቋንቋ አያውቅም፤ እሳቸውም የእሱን። ሩት ሕፃኗን ለሀብታሙ አስታቅፋ ሁለቱ መሃል ተቀመጠች። የእናቷን በቲቶ ቋንቋ፣ የቲቶን በእናቷ ቋንቋ ትመልስ ጀመር። እጆቿ አላረፉም። ወይዘሮ አባይነሽ አንድ ነገር አሉ፤ ሩት ለቲቶ ነገረችው፤ ቲቶ ፊቱ ቀልቶ ሳቀ፤ መልሱን ስትነግራቸው ደግሞ አሮጊቷ ክራንቹን መሬት ላይ እየደበደቡ ሳቁ።

«ምን ተባባላችሁ?» አለ ሀብታሙ። ግማሹን አይቶታል፤ ግማሹ ግን እሱ የማያውቀው ነበር።

«የባልና ሚስት ወሬ ነው» አሉት እናቱ። «አንተ አግባና እንነግርሃለን። ይልቅ የቡላው አተካና ሳይቀዘቅዝ አምጣልን፤ ቂቤውን አትሰስት።»

ሀብታሙ አቢጋኤልን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ማጀት ሄደ። ሕፃኗ እየሄዱ ሳለ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ታጉተመትማለች፤ ቆም ብሎ አዳመጣት።